ከላይ የጠገገ ቁስል

ፖሊሶች የያዙን ጅቡቲ ወደብ መግቢያ ላይ ነው። የታሰረ ጓደኛችን ይፈታ ብለን የጭነት መኪኖቻችንን አቁመን ነበር። ሾፌሮቹን ወክዬ የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ እኔን ለይተው ወሰዱኝ። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው። የጅቡቲ ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላዋለች፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ የሰው ገላ በቁሙ የሚበሰብስ መሰለኝ።

ሽታው ከአንድ ሰው እግር ነበር። ጠና ያሉ፣ ባልባላ በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ ሰፈር አስተማሪ ናቸው፤ ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛ አይቸግራቸውም። በአደባባይ በተናገሩት ንግግር ነው የታሰሩት። ያስገቧቸው ዕለት ቅልጥማቸውን በዱላ መቷቸው። ከዚያ ወዲህ ቁስሉ ይጠግጋል፣ መልሶ ይፈነዳል።

እኔ ከገባሁ በኋላም ጠገገ። ለመጠጥ ከሚሰጠን ውሃ እየቀነስኩ አጥብላቸው ስለነበር ደስ አለኝ።

"እንኳን እግዜር ማረዎት፣ መምህር።"

"በሩ ነው የተዘጋው" አሉ ሽርጣቸውን በጠገገው ቁስል ላይ እየሳቡ። "ሰውየው ውስጥ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣላቸው። ቅልጥማቸው አብጦ አብረቀረቀ። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ በሶማልኛ እናታቸውን ይጠሩ ጀመር። በሩን ደበደብኩ። እጄ እስኪያብጥ ደበደብኩ።

በመጨረሻ አንድ መኮንን መጣና ጎንበስ ብሎ አነጋገራቸው። ሲወጣ ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው።

"ሐኪም ይመጣል። ቁስሉ ከስኳር በሽታ የመጣ ነው ካልኩ ሆስፒታል ይወስዱኛል።" ትንሽ ፈገግ አሉ። "ከታሰርኩ ወዲህ ስኳር ቀምሼ አላውቅም።"

"ይበሉታ፣ መምህር! ነፍስዎን ያትርፉ እንጂ።"



ሐኪሙ ወጣት ነበር። መኮንኑ ከኋላው ቆሟል። ቁስሉን ከፍቶ ቀጭን ብረት አስገባ። ብረቱ እኔ ከገመትኩት በላይ ጠልቆ ሄደና ጠንካራ ነገር ነካ። ድምፁ ተሰማኝ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው "አጥንቱ አመርቅዟል አለ። የዳነው ቆዳው ብቻ ነው" አሉኝ።

ቀጥሎ ሐኪሙ ምን እንደመታቸው ሲጠይቃቸው ከሁኔታው ገባኝ። መኮንኑ ጉሮሮውን ጠረገ። እሳቸው ሐኪሙን ዓይን ዓይኑን እያዩ ጣታቸውን ወደ ወለሉ ቀሰሩ።

"ኢሲ" አሉ። ይቺን ፈረንሳይኛ እኔም አውቃታለሁ። እዚህ ማለት ነው።

መኮንኑ በሩን ወርውሮት ወጣ። አበቃላቸው ብዬ ደነገጥኩ። ሐኪሙ ግን ጓንቱን አወለቀና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። መኪና እስኪመጣ አልነሳም አለ።

መኪናው መጣ። ሁለት ጠባቂዎች ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ሲሉ "ቆዩ" አሉ። ፊታቸውን አጠብኩላቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፎች ራሳቸው እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ከዚያ ትከሻዬን ተደግፈው በአንድ እግራቸው እያነከሱ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዱ። እዚያ ከእኔ ነጠሏቸው።

ስፈታ ባልባላ ሄጄ ቤታቸውን አፈላለግኩ። እህታቸው እግራቸው መቆረጡን፣ መርዙ ግን ቀድሞ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል ውስጥ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር፣ ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ፣ የት እንደተመቱ ሳይናገሩ አላለፉም።

እኔ አሁንም በዚያው መንገድ እጭናለሁ። አንዳንዴ ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሬ ጀርባ ያለው አልጋ ላይ ሰው የተኛ ይመስለኛል። ዳር ይዤ እቆምና ትንፋሹን ለመስማት ሞተሩን አጠፋለሁ።