ሁለቱ ገመዶች

ባለፈው ቅዳሜ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ጥላ ፈልጌ እንደቆምኩ፣ ረዳቱ «ወልድያ! አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ ሲጮህ ፊቴ ጋለ። ሙቀቱ ነው እንዳልል ቆላ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያን ጥሪ በሰማሁ ቁጥር ሲስተር ሙሉ ትዝ ትለኛለች፤ አፍራለሁ።

ያኔ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነው፤ እዚሁ መናኸሪያው አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤታችን ብቸኛው የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ነበርኩ። የኢንተርኔት መስመራችን አንድ ብቻ ስለነበር ለሁሉም እንዲዳረስ ብዬ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፕሮክሲ ሰርቨር፣ ማለትም መስመር አከፋፋይ፣ አደረግሁት። ሁለት የኔትወርክ ካርድ አስገባሁበት፤ በአንዱ ኢንተርኔቱ ይገባል፣ በሌላው ለቢሮዎቹ ይከፋፈላል። ገመዶቹ መልካቸው አንድ ነው። ስለዚህ ከጎናችን ካለው ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከሲስተር ሙሉ፣ ፕላስተር ለምኜ በአንዱ «ውጭ»፣ በሌላው «ውስጥ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ኃላፊያችን ሳይቀሩ «አንበሳ!» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው፤ ጥፋቱ ከዚያ ጀመረ።

ግንቦት ገባ። በዚያ ንዳድ የፕላስተሩ ሙጫ ለቀቀና አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ገመዶቹን ስነቅል ሁለቱም ጽሑፎች ወለሉ ላይ ወደቁ። የትኛው የየትኛው እንደነበር ገመዱን ተከትሎ ማየት የአፍታ ሥራ ነው። አንበሳ ግን ገመድ አይከተልም! በግምት ለጠፍኩና ሰካኋቸው።

በማግስቱ ሲስተር ሙሉ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት፤ ገና ጡት የጣለች ልጇን እናቷ ዘንድ ትታለች። ወደዚያ ለመዛወር የሚመዘገቡት በኢንተርኔት ሲሆን የመጨረሻው ቀን ያ ዕለት ነበር።

«ኔትወርኩ እንቢ ካለ ወልድያ ሄጄ ልመዝገብ፤ መኪናው ሊሞላ ነው» አለችኝ።

«ኧረ ሲስተር! እኔ እያለሁ? ተቀመጪ፣ አሁን ይሠራል።»

ተቀመጠች። ከውጭ «የሞላ!» ሲባል ቀና ብላ አየችኝ። «አምስት ደቂቃ» አልኳት።

ያልነካካሁት ነገር የለም። የኮምፒውተሩን ቅንብር ሁሉ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። ገመዶቹን ግን አልጠረጠርኩም፤ ጽሑፍ አለባቸዋ! በምሳ ሰዓት የማሽላ እንጀራ በሽሮ ገዝታ አመጣችልኝ፤ አጠገቤ ደረቀ። ከሰዓት በኋላ «ልሂድ መሰለኝ» ስትል ደግሜ አስቀመጥኳት። ቢሮ ሊዘጋ ሲል፣ ሌላ የሚሞከር ሲጠፋ፣ ገመዶቹን አቀያየርኳቸው። ወዲያው ሠራ። ምዝገባው ግን ተዘግቷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ገመዶቹን አቀያይሬ ሰክቼ ነው» አልኳት።

«ተው እንጂ ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ ምሳህን እንኳ ሳትበላ ዋልክ» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝም አልጠላም ነበር።

ዝውውሩን በዓመቱ አገኘች። አገሯ እንደገባች ደወለችልኝ።

«ልጄ እማዬ የምትለው እናቴን ነው። እኔንማ ‹ሙሉ› እያለች በስሜ ነው የምትጠራኝ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ዛሬ ባለጉዳይ ሲመጣ፣ ማሽኑ ካስቸገረኝ «እኔን አትጠብቁ፤ መኪና ሳለ ሂዱ» እላለሁ። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ «ጋሼ ሰው ያባርራል» ይሉኛል። ይበሉ።

ቅዳሜ ዕለት ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አንዲት ሴት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከወዲያ ማዶ ስትሮጥ አየሁ። ምኗም አይደለሁም። በሩን ግን ያዝኩት፤ ረዳቱ እየተሳደበብኝ፣ እስክትደርስ አልለቀቅኩም።