በፒያሳ ቡና ቤቶች ያዞርኩት ሰው

ፒያሳን ማንም አላስተማረኝም፤ በእግሬ ነው ያጠናኋት። በደርግ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ቡና ቤቶቹን ማየት ሲያምረው የሚፈልገው እኔን ነበር።

አንድ ምሽት ሁለት እንግዶች ይዤ እሪ በከንቱ ሰፈር ካለ አንድ ቡና ቤት ገባን። አንደኛው ሞቅ ሲለው ስለታሰረው ወንድሙ ማውራት ጀመረ። ወዲያው ባንኮኒው ጋ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሦስት ቢራ ላከልን። በዚያ ዘመን የማናውቀው ሰው ሲጋብዘን ጆሮውን ነበር የምንፈራው።

"እንውጣ" አለኝ ባለ ወንድሙ እንግዳዬ፣ ቢራውን ገፋ አድርጎ።

ብንወጣ ይከተለናል። ብርጭቆዬን አንስቼ ወደ ሰውየው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? ገና ሁለት ቤት ይቀረናል፤ አብረውን ይዙሩ።"

ትኩር ብሎ አየኝ። "መሪው ማነው?"

"አራዳ ላይማ እኔ ነኝ!"

ሳቀና ተነሳ። እንግዳዬ አፉን እንዳይከፍት እኔ ስለ ዳንስና ስለ ሙዚቃ ያለማቋረጥ እያወራሁ አዞርኳቸው።

ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች አስቆሙን። ሰውየው መታወቂያ ሲያሳያቸው ሰላምታ ሰጥተው አሳለፉን። እንግዶቼ ካረፉበት ሆቴል በር ድረስም ሸኘን።

"ጥሩ መሪ ነህ" አለኝ ሲሰናበተኝ። "ለባለ ወንድሙ ግን መጠጥ ቀንስለት።"

ሁሉንም ሰምቶ ነበር። እንግዳዬ በማግስቱ በሰላም አገሩ ገባ፤ ሰውየውን የምሽት ጓደኛ አድርጌ ከእስር ያተረፍኩትም እኔ ነኝ።