የሱልጣኑ ሚስት ውሃ

አያቴ በስደት ኢስታንቡል በገቡ ቀን ጥማቸውን የቆረጡት ከአንድ የመንገድ ዳር ቧንቧ ነው። ድሮ አንዲት የሱልጣን ሚስት ከራሷ ሀብት ለመንገደኛ ያሠራችው ነበር። "ሳታውቀኝ አጠጣችኝ" ይሉን ነበር ሁልጊዜ፤ "እሷ ከሞተች ስንት ዘመኗ! ውሃዋ ግን ዛሬም ይወርዳል።"

አትላንታ ከመጡ በኋላ፣ በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ብሩክሄቨን ካለው አፓርታማችን ፊት ለፊት፣ ከሕዝብ ስልኩ አጠገብ ባለው ባስ ስቶፕ በረዶ የሞላ የውሃ ኩለር ያወጡ ነበር። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሁሉ በአማርኛ "ጠጣ"፣ "ጠጪ" ነው የሚሉት። "እማማ፣ እነዚህን ሰዎች እኮ አናውቃቸውም" ስላቸው ይቆጡኛል። "መጀመሪያ ይጠጡ! ስማቸውን በኋላ ትጠይቂያለሽ።"

ከቀብራቸው በኋላ ቦታውን ባዶ ማየት ስላልቻልኩ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጨክኜ እዚያው ፓርክ አደረግኩ። ሰማያዊ ኩለር ተቀምጧል! አጠገቡ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ከልጇ ጋር በስፓኒሽ ታወራለች። የማን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ልጠይቃት አፌን ስከፍት የወረቀት ኩባያ ሞልታ ዘረጋችልኝ።

"ጠጪ" አለችኝ፣ በአማርኛ።