«በሕግ አምላክ» ያሉት እናት

በባሕር ዳር የአንድ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ከጣና ዳር ውሃ እየቀዳሁ ጥራቱን መመርመር ሥራዬ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ለዚሁ ጉዳይ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ወዳለችው ወደ ቁንዝላ ከተማ ሄድሁ።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር። ኮሌጁ የጻፈልኝን የትብብር ደብዳቤ መጀመሪያ ለቀበሌው ማሳየት ነበረብኝ። መንገዱ አስቸግሮኝ አርፍጄ ስለደረስሁ ግን ውሃውን ልቅዳና በኋላ አሳያለሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድሁ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። እኔ አላወቅሁም እንጂ በዚያው ሳምንት ከሐይቁ ዳር ውሃ የሚጠጡ ከብቶች ድንገት እየወደቁ ሞተዋል። ሰዉ ምን እንደገደላቸው ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ሲጠያየቅ ነው የሰነበተው። እኔ ደግሞ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ጓንት አጥልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁ። የተቀዳው ውሃ ላቦራቶሪ እስኪደርስ እንዳይበላሽ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ከትንሽ ጠርሙስ አሲዱን በቀዳሁት ውሃ ላይ ሳንጠባጥብ አንድ ሰው ከኋላዬ ጮኸ።

«መርዝ እየጨመረ ነው! ከብቶቻችንን የፈጀው ይኸው!»

ዘወር ስል አራት አምስት ሰዎች ናቸው። መታወቂያዬን አውጥቼ እስካሳይ ድረስ ገበያው በሙሉ ወደ እኔ መጣ። አንዱ መታወቂያዬን ነጥቆ ጭቃው ላይ ጣለው። ደብዳቤ አለኝ እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ከዚያ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው አሣ አጥማጅ በጀልባ መቅዘፊያ ክንዴን መታኝ። እጄ ሲንጠለጠል አየሁት፤ ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው። ድንጋይም ቅንድቤን አገኘኝ፤ ደሙ አንድ ዓይኔን ጋረደው።

«መርዝ ካልሆነ ጠጣው!» አለ አንዱ።

«ይጠጣው! ይጠጣው!» አሉ ሁሉም።

ጠርሙሱን ወደ አፌ አስጠጉት። በእውነት የሚገድል አሲድ ነው። ብጠጣው እሞታለሁ፤ አልጠጣም ማለቴ ደግሞ ለነሱ እንደ እምነት ቃል ተቆጠረ። «አያችሁ? አያችሁ?» ሲባባሉ ይሰማኛል። ነገሩን ላስረዳ አፌን ብከፍት እንኳ ያፈሱብኛል ብዬ ጥርሴን ነከስሁ።

እንግዲህ እሳቸው የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ከጀልባ ማቆሚያው አጠገብ አሣ እየጠበሱ የሚሸጡ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መሐል ገቡና እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጮኹ።

«በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ብያለሁ!»

ድሮ ሰው በመንገድ ሲጣላ ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር ሲባል ከአባቴ ሰምቻለሁ። ዛሬም የሚያቆም ኃይል አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሁሉም አልቆመም፤ ጠርሙሱን የያዘው ሰው ግን እጁ ላላ። እሳቸው ቀምተውት ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ዘጉና በመቀነታቸው ቋጠሩት።

«ይህ ዳኛ ፊት ይሄዳል» አሉ። «መርዝ ከሆነ ዳኛው ይፍረድበት። ካልሆነስ? የዚህን ሰው ደም ማንኛችሁ ናችሁ የምትሸከሙት? በል አንተ ተናገር! አንቺስ?»

እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩት ጀመር። ስሙ የተጠራው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ደህናውን እጄን ይዘው ማገዶ ወደሚያስቀምጡባት ትንሽ ክፍል አስገቡኝና ራሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ያ በመቅዘፊያ የመታኝ ሰው ተከትሎን መጣ።

«እማዬ፣ ተነሺ! ልቀቂው!»

እማዬ ሲል ነው ልጃቸው መሆኑን ያወቅሁት።

«አልነሳም» አሉት። «ፖሊስ ሲመጣ አንተም አብረህ ትሄዳለህ። ስትመታው አይቻለሁ።»

ፖሊሶቹ እስኪደርሱ ብዙ ቆዩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሳቸው ከደጃፉ አልተነሡም። አንድ ጊዜ ብቻ ዘወር ብለው «አይዞህ ልጄ፣ ደሙን በዚህ ያዘው» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ቀድደው ሰጡኝ።

ኮሌጁ ማንነቴን አረጋግጦ፣ ጠርሙሱም ተመርምሮ እኔ ነጻ ወጣሁ፤ ልጃቸው ግን ተከሰሰ። ሽማግሌዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ክሱን ተወው ብለው ለመኑኝ። እሳቸው አብረው አልመጡም። ስልክ ደውዬ «እናቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኋቸው።

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉ። «እኔ ያየሁትን ለዳኛው እናገራለሁ። አንተም የሆንኸውን ተናገር።»

ጉዳዩ ወረዳው ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ ተቀጠረ። አንድ ቀን ዳኛው የለም፣ ሌላ ቀን ምስክር ቀረ እየተባለ በዚያ ክፉ መንገድ ተመላለስሁ። ሰው «ፍርድ ቤት ከመንከራተት እዚያው በእጅ መጨረስ ነው» ሲል ሰምቼ ዝም ያልሁበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ፍርድ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳጉረመርም ግን ውሃው ዳር ሳልጠየቅ ሲፈረድብኝ ያጣሁት ይህንኑ መዘግየት እንደነበር ትዝ አለኝና አፈርሁ።

እናትየው ቀርበው በልጃቸው ላይ መሰከሩ። አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አላስቀሩም። ከዚያ ዳኛው ተከሳሹን የምትለው ካለህ ተናገር አሉት። ከሞቱት ከብቶች ሁለቱ የሱ በሬዎች ኖረዋል። «አበድሁ፣ ጌታዬ» አለ። «ማረሻዬ ቆሟል። የማደርገውን አላውቅም ነበር።» የእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ ከብቶቹን የገደላቸው አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ እንደሆነ አስረዳ። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም የመታኝን ሰው ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው።

የአንድ ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደበት። ስንወጣ እናቱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። «ምነው ልጄ፣ ተው» ብለው ተቆጡኝ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴት ልጅ ተወለደችልን። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና እናቷ እሳቸው ሆኑ። ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታችን ሲመጡ ልጃቸው አድርሷቸው ውጭ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ ቀረ። ሄጄ «ግባ» አልሁት። ገባ፤ አብረን በላን። እጆቹን ግን ማየት አልቻልሁም፤ እሱም ቀና ብሎ አላየኝም። ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ለመናገር እስካሁን አልደፍርም።

ለእናቱ ግን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ ሳደርሳት፣ ስለ እኔ ብለው የገዛ ልጃቸውን አሳልፈው የሰጡት እናት ይታሰቡኛል።