አስራ ስድስቱ የቫልቭ ሲሎች

ስቶክዌል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት አሉ። ጡረታ በወጡ በወሩ አሮጌ የስፖርት መኪና ገዙ፤ ቀይ። መኪናዋ ግን ጠዋት ስትነሳ ግቢውን በሰማያዊ ጭስ ማፈን ጀመረች። ልጃቸው ጋራዥ ወስዶ ቼክ ቢያስደርጋት፣ «የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፣ ሞተሩ ሞቷል» አሉት። ጎረቤት አማረረ። በመጨረሻ እትዬ፣ ሰኞ ጠዋትም ከጨሰች ለቁራጭ ብረት፣ ለስክራፕ፣ እንድትሰጥ ለልጃቸው ቃል ገቡ።

እኔ ጋራዥ ሠርቼ አላውቅም። ፓርሰል አደርሳለሁ፤ ሞተር የተማርኩት ከመጽሐፍና ከቪዲዮ፣ የራሴን መኪና እየፈታሁ ነው። ቅዳሜ ግን ደፍሬ፣ «እትዬ፣ አንዴ አብሬዎት ልሂድ?» አልኳቸው።

ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠው ዳገቱን ወጡ፤ ጭስ የለም። ቁልቁለቱን እግራቸውን አንስተው ወርደው እንደገና ሲረግጡ ከኋላችን ጭሱ ቡን አለ። ያለቀው ቀለበቱ ቢሆን ዳገቱም ላይ በጨሰች ነበር። እየነደደ የሚጨሰው የሞተር ዘይት የሚገባው ከላይ፣ በቫልቮቹ ዘንግ በኩል ነው። እዚያ ዘይቱን የምትገታው «ሲል» የሚሏት የጣት ጫፍ የምታህል ላስቲክ ናት፤ ደርቃለች ማለት ነው።

«ሞተሩ ደህና ነው» አልኩ።

«ድምፅህን ገና ዛሬ ሰማሁት! እሺ፣ ፍታት።»

እሁድ ፈታኋት። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ላለማውረድ በካንዴላው ቀዳዳ የጥጥ ገመድ አስገባሁ፤ ፒስተኑ ገመዱን ወደ ላይ ሲገፋው ቫልቮቹ ወደ ውስጥ እንዳይወድቁ ደገፋቸው። አስራ አንደኛው ሲል ሲገባ ከሌሎቹ ይልቅ እጄ ላይ ቀለለኝ። የዘንጉ ጫፍ እንዳይቀደው የሚደረበውን የፕላስቲክ ቆብ ረስቼ ኖሯል። ክዳኑ ሲገጠም ማንም አያየውም። እኔ ግን አውጥቼ በባትሪ አየሁት፤ ከንፈሩ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። በትርፍ በገዛሁት ቀየርኩት።

ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ስልኩን ይዞ ቆሟል።

«እማዬ፣ የሚጎትታት ሪከቨሪ የእኔን ኮል እየጠበቀ ነው።»

«ስልክህን ኪስህ ክተት» ብለው ቁልፉን አዞሩ።

ተነሳች። የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው፣ ጫፍ ላይ ነጭ ወረቀት ያዝኩ፤ ዘይት ሳይሆን ውሃ ብቻ ነካው። አስር ደቂቃ ቆማ እንድትሠራ ካደረግን በኋላ፣ «አሁን ይርገጡት» አልኩ። ሞተሩ አገሳ፤ የጎረቤት መስኮቶች ተከፈቱ። ምንም!

ልጃቸው ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ኖ ዌይ። ምን አደረግካት?»

«አስራ ስድስት ላስቲክ ቀየርኩ።»

እትዬ ክላክሱን ለጎረቤቱ ሁሉ ለቀቁት። «ኑ እዩ! የታለ ጭሱ?»

ልጃቸው በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«አንተ በአውቶቡስ ሂድ፤ ይሄ የመካኒኬ ወንበር ነው።»