በየቲሞች ስም የተሸጠ አልጋ

ትናንት ጎረቤቴ ሐያት ፊቷን አጨማዳ መጣች። ከአንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ የገዛችው ያገለገለ ቁም ሳጥን በሩ ተገንጥሎ ወድቋል። «መልሺላቸዋ!» ስላት፣ «እንዴ እትዬ ዘይነብ፣ ለችግረኛ የሚውል ገንዘብ እኮ ነው፤ ነውር አይሆንም?» አለችኝ። ይቺን «ነውር አይሆንም» የምትል ነገር አውቃታለሁ። በወጣትነቴ የእኔንም አፍ ልታዘጋ ምንም አልቀራትም ነበር።

ያኔ ከድሬዳዋ መጥቼ፣ እዚሁ ሃርጌሳ ሃያ ስድስት ጁን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የሰው ልብስ እያጠብኩ ነበር የምኖረው። ያሳደገችኝ አክስቴ ወገቧን ታማ፣ የሚያስታምማት ስለሌለ እኔ ጋ ልትመጣ ነው። ሐኪም መሬት ላይ መተኛት ከልክሏታል፤ እኔ ያለኝ ግን ምንጣፍ ብቻ ነው። ያጠራቀምኳትን ቋጥሬ ከዋሄን ገበያ ጀርባ ወዳለ ሱቅ ሄድኩ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ነው፤ ትርፉ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ለየቲሞች ይውላል ይባላል።

ባለሱቁ ሐጂ፣ ጅጅጋ ስለኖሩ፣ አማርኛ ያቀላጥፋሉ። ገና ሳልቀመጥ በወተት የተፈላ፣ ሄል የበዛበት ሻይ አዘዙልኝ። እኔ ደግሞ ሻይ የሚጋብዝ ነጋዴ አላምንም፤ ከጠጡለት በኋላ መከራከር ያሳፍራላ! ያሳዩኝ የእንጨት አልጋ ያረጀ ነው፣ ቀለሙ ግን ገና ይሸታል።

«ለምን ተቀባ?» አልኳቸው።

«እንዲያምር ነዋ!»

ልቤ እምቢ እያለኝ ገዛሁት።

ቤት አድርሼ፣ ፍራሹን አንጥፌ ቁጭ ከማለቴ ቋ! አለና ከነፍራሹ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። የጎኑ ጣውላ ከመሃል ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የቆየ ነው፤ በኮላና በሰጋቱራ ደፍነው ቀብተውበታል። ሐጂን፣ በጋሪ ያመጣልኝን ሰው፣ ሱቁን የጠቆመችኝን ጓደኛዬን ሳይቀር ጠረጠርኩ። አለቀስኩም፤ አክስቴ የምትደርሰው በማግስቱ ነው። ፖሊስ ጋ እንዳልሄድ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም።

የተሰበረውን ጣውላ ተሸክሜ፣ ያ የሃርጌሳ አቧራ ዓይኔን እየሞላው ተመለስኩ። የአሱርን ሰላት ሰግደው ከመስጊድ የወጡ ሰዎች ሱቁ ደጃፍ ቆመዋል።

«ያገለገለ ዕቃ ነው፤ አይተሽ ነው የገዛሽው» አሉኝ ሐጂ።

«ያየሁት ቀለሙን ነው።»

«እህቴ፣ ገንዘቡ እኮ የየቲሞች ነው። ከየቲም አፍ ልትነጥቂ ነው?» ጮክ ብለው በሶማሊኛም ደገሙት።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እግሬ ሊወጣ ሲል ግን አክስቴ ምንጣፍ ላይ ስታቃስት ታየችኝ።

«እሺ ሐጂ። ‹ስንጥቁን አላውቅም ነበር፣ ገንዘቡም ለየቲሞች ይደርሳል› ብለው ወላሂ ይበሉና እሄዳለሁ።»

ሰዎቹ አማርኛውን ባያውቁም ወላሂ የምትለዋን ሰምተዋል። ዞረው ሐጂን ማየት ጀመሩ። ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ፣ ጣውላውን አዩ፣ አልማሉም።

«ሌላ ምረጪ» አሉ ቀስ ብለው።

ቀለም ያልነካው የብረት አልጋ መረጥኩ፤ ገልብጬ ብሎኑን ሁሉ ሳልነካካ ግን ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ተኛችበት።

ዛሬ ሐያትን ይዣት ቁም ሳጥኑን ወደገዛችበት ሱቅ ልሄድ ነው፤ ትጠይቅ፣ መብቷ ነው። እኔን ግን እስካሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሐጂ ከሁለቱ የትኛውን መማል አቃታቸው? ስንጥቁን ከሆነ፣ ለእኔ አልጋ ተለውጦልኛል። የቲሞቹን ከሆነስ? በስማቸው ተሸጦ የተገኘውን ገንዘብ ሁሉ ለእነሱ ማን መለሰላቸው?