የድኾች ቤት ሣር

ኬዛያ ፕላት የሰው ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ነበረች። በላንካሸር፣ በሄስልደን ከተማ፣ እንደ እሷ አንሶላ የሚያነጣ የለም ይባል ነበር። ለራሷ ገመና ግን ሳሙና አላገኘችለትም።

እናቷ ሐና ዓይኗ ደክሞ እጇ ሥራ ሲፈታ፣ ኬዛያ የራሷንም ጉሮሮ መድፈን አቅቷት ነበር። አንድ ማለዳ ወስዳ ለድኾች ቤት አስረከበቻት። ያ ቤት ባልና ሚስትን ለያይቶ የሚያኖር፣ ቀጭን ገንፎ ሰጥቶ የሚያዋርድ ቤት ነው፤ የገባበት ሰው ስሙ አይነሳም። ስለዚህ ለጠየቃት ሁሉ፣ "እማማ ብላክፑል እህቷ ዘንድ ናት፤ የባሕሩ አየር ተስማምቷታል" ትል ነበር።

ብርዱ ሲጠና ሐና ሞተች። ዘመድ ከወሰዳት በወግ ትቀበራለች፤ ካልወሰዳት ከቤቱ ጀርባ፣ ደወል ሳይደወልላት፣ ስሟ ሳይጻፍ፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ። በዚያ ሰፈር ከሞቱ አሟሟቱ ነው። ኬዛያም ታውቃለች፤ ግን ሬሳው ከወጣ ውሸቷም አብሮ ሊወጣ ነው። ይሉኝታ ያዛትና በሯን ዘግታ የሰው ልብስ ስትተኩስ ዋለች።

ዓመታት አለፉ። የድኾች ቤቱ አጥር ፈረሰ፤ መቃብሩን ሣር ዋጠው። አንሶላ የሚነጣው እርጥብ ሣር ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው ነውና፣ ነገሩን የማያውቁ ወጣት አጣቢዎች ያንን ሣር ወደዱት። አንድ ቀን ኬዛያ በዚያ ስታልፍ፣ አንሶላ ዘርግተውበት ሣሩን እየተሳሳቁ ሲረጋግጡ አየች። ደሟ ፈላ። ገብታ አንሶላውን ትሰበስብ ጀመር።

"ምነው ኬዛያ፣ የኛ ካንቺው በልጦ ሊነጣብሽ ነው?" አለቻት አንዷ።

"አንሱልኝ። እናቴ እዚህ ናት።"

ሳቁ ቆመ። ኬዛያ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም፤ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። አሮጊቷ ጎረቤቷ ሚስስ ሃክስቢ ከመንገድ ሆነው ሰምተው ኖሮ ተጠጓት።

"እናውቃለን እኮ፣ ልጄ።"

"ምኑን ነው የሚያውቁት?"

"ሬሳዋን በጋሪ ወደዚህ ጉድጓድ ያመጣው የኔ ባል አልነበረም? ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ጥቁር ለብሶ በየቤቱ ቆሞ ነበር። ቀድመንሽ ብንወጣ ገመናሽን መግለጥ መሰለን። አንቺ በርሽን እስክትከፍቺ ጠበቅን።"

ኬዛያ አንሶላውን እንደታቀፈች ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

"እና ብወጣ ኖሮ?"

"ሁላችንም እንከተልሽ ነበር።"